ማንሳት ያልኩት ፎቶ ማንሳት ነው

ለከተማችን የውበትና የመናፈሻ ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ከበርዎ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት የሥራ ቀን ተቀምጬ የወንበርዎ ጎማ ወዲያና ወዲህ ሲንከባለል ስለሰማሁ፣ ወገብዎም ጉልበትዎም ደህና እንደሆኑ አውቄ ደስ ብሎኛል፤ ይጠብቅልዎ። እኔም ደህና ነኝ፣ መቀመጥ ካቃተኝ በቀር። በሩ ሲንሿጠጥ ብድግ እላለሁ፣ ሲዘጋ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ ተነስቼ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እመላለሳለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ወለሉን በእግርሽ ጨረሽው እኮ እቴ፣ ለእኔ ምን ልትተዪልኝ ነው?» ብላኛለች። ይህንንም የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ የትምህርቴ ማነስ ብቻ ሳይሆን የእግሬ አለማረፍ ጭምር መሆኑን ይወቁልኝ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት በድፍረት እንዳይመስልዎ። ከዚህ በፊት አሽጌ ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እንደታሸጉ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ስላየኋቸው፣ ሦስተኛውን ክፍት አድርጌ ብጽፈው ቢያንስ ከመክፈት ድካም አሳርፍዎታለሁ ብዬ ነው።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገርዎ። ከባለቤቴ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሴት ነኝ። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር የክፍላችን ሥራ ቀዘቀዘ፣ እኔም ፊቴን ወደ ውሻ አዞርኩ። ሰው ካሜራ ሲያይ ሌላ ፊት ያወጣል፤ ውሻ ግን ያለውን ፊት ነው የሚሰጥዎ። መጀመሪያ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ፍላሹ ቦግ ሲል ከጥቁሩ መጋረጃ ሥር ገብታ እስከ ከሰዓት አልወጣም ስላለች፣ ከዚያ ወዲህ የማነሳው ደጅ ነው።

በከተማ ውስጥ ውሻ የሚነሳበት ጥሩ ቦታ እንዲሁ የሚገኝ አይምሰልዎ። እኔ በመጀመሪያ መዳፌን መሬቱ ላይ አሳርፌ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ የእኔን እጅ ካቃጠለ የእሱንም እግር ያቃጥላል። ቀጥሎ ተንበርክኬ በውሻው ቁመት ልክ አያለሁ፤ ቆመው ሲያዩት ያማረ ቦታ፣ ተንበርክከው ሲያዩት የቆሻሻ ገንዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው የመብራት እንጨት ካለ ከአናቱ የበቀለ ይመስላል። ሥጋ ቤት ከቀረበ ዓይኑ እኔ ጋ፣ አፍንጫው እዚያ ይሆናል፤ ሞተር ብስክሌት የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ ውሻውንም ገመዱንም ባለቤቱንም ከመንገዱ ማዶ ነው የምለቅመው።

አንድ ዓመት ሙሉ በእግሬ ፈልጌ ይህን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ቦታ አገኘሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሰባት ሰፋፊ ደረጃዎች። ጠዋት ላይ ሕንጻው ጥላውን ይጥልላቸዋል፣ ከፊት ለፊት ያለው ነጭ ግድግዳ ደግሞ ብርሃኑን ተቀብሎ በለስላሳው ይመልሰዋል። ጥቁር ውሻ ጠቁሮ አይጠፋም፣ ነጩም ከብርሃኑ ጋር ተቀላቅሎ አይጠፋም። መኪና አይገባም። አንባቢም ድምፁን አያሰማም።

በአራተኛው ደረጃ ላይ ሊቀመንበር የምንለው ሽማግሌ ውሻ ይቀመጣል። ቡኒ ነው፣ የአፉ ዙሪያ ሸብቷል፣ አንድ ጆሮው ግማሽ ነው። ባለቤት የለውም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ናቸው ከምሳቸው እየቀነሱ የሚያበሉት። ስሙ የወጣለት ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ስለሚቀመጥ ነው። የደንበኛ ውሻ ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ ሊቀመንበር ቀስ ብሎ ይነሳና ከጎኑ ሄዶ ይቀመጣል፤ ያኛውም እሱን አይቶ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት አንዲት የተከበሩ እመቤት ጥጥ የመሰለች ነጭ ውሻ ይዘው መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ አልቀመጥ ብላን፣ ያረጋጋት እሱ ነው። እንደ ልማዴ እሱን ከፎቶው ልቆርጠው ስል እመቤቲቱ «ተይው፣ እሱም ይኑርበት፤ ነገር ያለ ሽማግሌ አያምርም» አሉኝ። እንዳሉት አድርጌ ሰጠኋቸው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልኝ ውለታ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በአደባባይና በመናፈሻ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ስታወጡ፣ እኔ ሕግ አክባሪ በመሆኔ በማግስቱ ዓርብ ማመልከቻ አስገባሁ። ቃል በቃል የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ውሾችን ለማንሳት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» ሰፈራችን የተሰበረ የቧንቧ ክዳን እንዲቀየርለት ካመለከተ ሁለት ክረምት አልፏል። የእኔ ግን ቅዳሜና እሁድ መሀል ገብተው እንኳ ሰኞ ጠዋት ተፈጸመ። መኪና መጣ፣ መረብ የያዙ ሦስት ሰዎች ወረዱ፣ ሊቀመንበርን ከአራተኛው ደረጃ አንስተው ሄዱ። ለእኔም «በጥያቄዎ መሠረት ውሻው ተነስቷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ ደረሰኝ።

ክቡር ሆይ፣ ማንሳት ያልኩት ፎቶ ማንሳት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ እኔ እየመጣ «አንሺኝ» ሲለኝ አንድም ቀን ተሸክሜ የጣልኩት የለም። ቋንቋችን አንድ ቃል ለሁለት ሥራ መስጠቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ከሁለቱ መረብ ያለበትን መምረጡ ብቻ ነው የጽሕፈት ቤትዎ።

ሁለተኛ፣ በሰፈሬ ስላገኘሁት አዲስ ክብር አመሰግናለሁ። መኪናው ሲመጣ ዘበኛው «በማን ትእዛዝ ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሰዎችዎ ማመልከቻዬን ከነፊርማዬ አሳይተዋቸዋል። እኚህ ሰው አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ የኔ እህት» ሲሉኝ የኖሩ ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት ላስረዳቸው ብሄድ «እንደምን አደሩ እርስዎ» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ሰው በዕድሜው አንቱታን ይመኛል፤ እኔ ግን እንዲህ ጉሮሮ ላይ የሚሰነቀር አንቱታ ደርሶብኝ አያውቅም። ለጽሕፈት ቤትዎ አሳብቄ ያስነሳሁት ነው የሚመስላቸው፤ ፊርማዬ እዚያው ወረቀት ላይ ስላለ ልፈርድባቸውም አልችልም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅጻችሁ ውበት። ውሻው በማቆያው ግቢ አሥር ቀን ብቻ እንደሚቆይና ባለቤት ካልቀረበለት «እንደሚወገድ» ሲነግሩኝ፣ ወዲያው እኔ እወስደዋለሁ ብዬ ቅጽ ወሰድኩ። «የአመልካች ሙሉ ስም» ይላል፣ ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ «የባለቤት ሙሉ ስም» ይላል፣ እኔ ሞኟ የባለቤቴን ስም ጻፍኩ። ቀጥሎ «ባለቤት የሚገኝበት ሁኔታ» ሲል ዓይኔ እንባ እያቀረረ «በሕይወት የለም» ብዬ ሞላሁ። የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ቅጹን አንብባ «የውሻው ባለቤት ሞተዋል ማለት ነው፣ እንግዲያው ባለቤት አልባ ነው» ብላ ማኅተም መታችበት። ባለቤቴ ነፍሱ ይማርና በሕይወት እያለ ውሻ ሲያይ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ነበር፤ ከሞተ በኋላ የውሻ ባለቤት መሆኑን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

አራተኛ፣ ቅጹን አስተካክዬ ስመለስ ውሻው በሚኖርበት ቦታ የተነሳ ፎቶግራፍ አምጪ ተባልኩ። ይህንንስ አገኛችሁልኝ፣ ሥራዬ አይደል፤ ሊቀመንበር ከደንበኞቼ ውሾች ጎን ያለባቸውን አርባ አንድ ፎቶዎች ደርድሬ አቀረብኩ። ሠራተኛዋ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ በሁለቱ ላይም ሳቀች፤ ከዚያ «እናቴ፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ግን ያለ ፈቃድ የተነሱ ናቸው። ያለ ፈቃድ የተነሳ ፎቶ እንዳልተነሳ ነው የሚቆጠረው» አለችኝ። እኔም «ያለ ፈቃድ የተነሳ ውሻስ እንዳልተነሳ አይቆጠርም ወይ?» ብዬ በትሕትና ብጠይቃት «እሱማ በማመልከቻ ነው የተነሳው፣ ያውም በእርስዎ» ብላ መለሰችልኝ። እንዲህ ዓይነት አንደበት ያላት ልጅ መስኮት ውስጥ መቀመጧ ያሳዝናል፤ ሹመት ይገባታል።

እንግዲያው አሁን ፈቃድ ስጡኝና ላንሳው ስል ደግሞ፣ ደረጃው ላይ ለማንሳት ውሻው ደረጃው ላይ መገኘት አለበት ተባልኩ።

አምስተኛ፣ ስለ ዝርዝሩ። እንዳልከፋ ብላችሁ ነው መሰለኝ፣ ለውሻ ፎቶ የተፈቀዱ ሦስት ቦታዎች የተጻፉበት ወረቀት ሰጣችሁኝ፦ የትልቁ አደባባይ መሀል፣ የአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ፣ የሥጋ ቤቶቹ መደዳ። ሦስቱንም ሄጄ አየሁ። አደባባዩ መሀል ለመድረስ እኔና ውሻው አራት ረድፍ መኪና በሩጫ መሻገር አለብን። ጋራዡ ጀርባ ተንበርክኬ ስነሳ ቀሚሴ በጥቁር ዘይት ራሰ። ስለ ሥጋ ቤቶቹ ምንም አልልም፤ ቦታውን የመረጠው ባለሙያ ውሻ አይቶ እንደማያውቅ ብቻ ተረድቻለሁ፣ ሥጋ ግን ሳይወድ አይቀርም።

ስድስተኛው ምስጋና ሳይሆን ያየሁትን ነው። ቅዳሜ ማቆያው ግቢ ሄጄ ነበር። ሊቀመንበር ከሽቦው ወዲያ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ በግቢው ውስጥ ከፍ ያለ ነገር ያ ብቻ ነው። ሌሎቹ ውሾች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፣ እንደ ስብሰባ። እንደ ልማዴ መዳፌን በሽቦው ሥር አስገብቼ ሲሚንቶው ላይ አሳረፍኩት። አሥር ልቆጥር አራት ላይ እጄን አወጣሁ። ለካ ሳጥኑ ላይ የወጣው ለማዕረግ አይደለም። ጠባቂው በአዘኔታ «እትዬ፣ የሚወገዱት ውሾች ዝርዝር ረቡዕ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጊ» አለኝ።

ዛሬ ሰኞ ስምንተኛው ቀን ነው። ረቡዕ አሥር ይሞላል። እግሬ የማያርፈው ለዚህ ነው፣ ክቡር ሆይ። ቤት ስገባ ድስቱን ጥጄ እረሳዋለሁ፣ ካሜራውን ጠርጌ ያስቀመጥኩትን መልሼ እጠርጋለሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሳይሆንልኝ ቀርቷል፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በገዛ ፊርማዬ ማንንም አስወስጄ ግን አላውቅም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሻው ወደ ደረጃው ይመለስ፤ ወይም ለእኔ ይሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት እኔው ወደ ሥራው አደርሰዋለሁ።

ጥላዎ ሳይርቅዎ፣ የወንበርዎ ጎማ ሳይደክም፣ ማኅተምዎ ቀለም ሳያጣ ዘመንዎ ሁሉ የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ፤ ይህኛው መንሳት እንጂ ማንሳት አይደለምና እባክዎ መኪና አይላኩብኝ።

ከበርዎ በስተግራ አግዳሚው ላይ የምትገኘው፣
ውሻ አንሺዋ

ግልባጭ፦
ለቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዘበኛው፣ አንብበው ወደ አንቺታ እንዲመልሱኝ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት ጸሐፊዎ ሻይ ይዛ ስትገባ በሩ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ነበር። ከወንበርዎ ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ ጥጥ የመሰለች ነጭ ውሻ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አየሁ። ሥራዬን አይቼ አልስትም። የቤትዎ እመቤት መሆናቸውን ባውቅ ኖሮ ያኔ ይበልጥ በታጠብኩ እጄ ባነሳሁላቸው ነበር። ከውሻዋ ጎን፣ በአራተኛው ደረጃ ላይ፣ አንድ ጆሮው ግማሽ የሆነ ሽማግሌ ተቀምጧል። ከፍሬሙ ግርጌ ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ የንብረት ቁጥር ከነማኅተሙ ተለጥፎበታል። ስለዚህ ውሻው በሚኖርበት ቦታ ተነስቶ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተመዝግቦ፣ በማኅተም የጸደቀ ፎቶግራፍ ዓመት ሙሉ ከጀርባዎ አለ ማለት ነው። ለማየት መነሳት አያስፈልግዎትም፤ ወንበሩ ጎማ አለው፣ ማዞር ብቻ ነው። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ይህን ካነበቡ በኋላ ፎቶውን ከግድግዳው እንዳያነሱት። አሁን ማንሳት ያልኩት እናንተ የምታውቁትን ማንሳት ነው።