የሙዳይ ክኒን በሁዳዴ

ሰኞ፣ መጋቢት ፭፣ የአቦ ለት

ነከሰችኝ። ያውም ክኒኑን ዋጥ አድርጋ ካበቃች በኋላ። ድመት ምስጋና አታውቅም። ቢሆንም ግማሿ ክኒን ወርዳለች፣ እሰይ።

ባለፈው ዓርብ የሰፈሩ ውሻ የሙዳይን የኋላ እግር ዘነጠለው። ሙዳይ ድመቴ ናት፤ ትንሽዬ ሳለች የጥጥ ሙዳዬ ውስጥ ገብታ ተኝታ ስላገኘኋት ነው ስሟ። እግሯ አብጦ አውራ ጣቴን ሦስት እጥፍ አከለ። የጤና ጣቢያውን ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩን አቶ ተሾመን ለምኜ አመጣሁት። መጀመሪያ ሳቀ።

«እማማ የሺ፣ እኔ የሰው ነኝ እንጂ የድመት አይደለሁም» አለ።

«የሰው ከሆንክማ የሰው አንጀት ይኑርህ» አልኩት።

ቁስሉን አጠበና ነጭ ክኒን ሰጠኝ። ዐሥር ቀን፣ ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ፣ ከምግቧ ጋር። ሰዓቱ ከተዛነፈ መግሉ ደሟ ውስጥ ይገባል፣ ያን ጊዜ እኔን አይጥሩኝ ብሎኝ ሄደ። ክኒኑን በቅቤ ጠቅልዬ ነው የምሰጣት። አዎ፣ በሁዳዴ። ጣቴ ነካ እንጂ አፌ መች ነካ። ታጥቤ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሞጣ ደብዳቤ መጣ። የሴት ልጄ ባል ደሳለኝ ነው የጻፈው። አስተማሪ ነው፣ የሐረር ልጅ፤ ጽሕፈቱ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ልጄ ጥሩ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ እናቴን አምጡልኝ እያለች ታለቅሳለች ይላል። ሐሙስ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ የእህል መኪና ላይ ቦታ ይዞልኛል።

ልጄ ስታምጥ ሌላ ሰው ወገቧን ሊይዝ? አይደረግም። ሙዳይንስ ይዤ ልሂድ? በዚያ ቁስል፣ ጤፍ ጆንያ ላይ ተጭና? ደግሞ አራስ ቤት ድመት ይገባል እንዴ! ስለዚህ ክኒን የሚያውጣት ሰው መፈለግ ነው። ቢቸና ሙሉ ሰው አይደል፣ አንድ አላጣም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፮

ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ መሪጌታ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። «አንቺ ስትናገሪም ስትጽፊም ነጥብ የለሽም» ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ክኒን ሊያውጡልኝ የሚችሉትን ሰዎች በመስመር በመስመር ልጻፍ።

አለሚቱ፦ አጥር ለአጥር ነን። እጀ ጠንካራ፣ ላም አላቢ።

ልብስ ሰፊው አቶ ካሳ፦ ቀኑን ሙሉ ከደጄ ፊት ተቀምጦ ይሰፋል፣ የትም አይሄድም።

እማሆይ ወለተ ሐና፦ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሚኖሩ መነኩሲት። ቃላቸውን አያጥፉም።

ዘይነባ፦ አይሆንም። ሙዳይ በጥር ወር ሁለት ጫጩቶቿን በላችባት። «ድመትሽን እሰሪያት» ብትለኝ «አንቺ ጫጩትሽን እሰሪ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። ደጇን ሳልፍ ሰማይ ሰማይ ነው የማየው።

ጠዋት አለሚቱ ጋ ሄድኩ።

«እንዴ የሺ! በሁዳዴ ቅቤ ልንካ? ይህን ያህል ጾሜ ጾሜ ለድመት ብዬ ላፍርሰው?»

«ላም እያለብሽ ወተት አትነኪም?»

«እሱ ሌላ ነው። እኔ የምነካው ጡቱን ነው።»

ወይ ጉድ! ወተቱ በራሱ እግር ሄዶ ነዋ ቅል ውስጥ የሚገባው። ተውኳት።

አቶ ካሳ ግን እሺ አለ። ማታ ለሙከራ ክኒኑን ሰጠሁት። ሙዳይ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ከክርኑ እስከ ጣቱ ቀደደችው።

«ይቺ ድመት ናት ወይስ ነብር?» አለ እየደማ።

ልብስ ሰፊ አይደል፣ የቀደደችውን ይስፋው እንግዲህ። ክኒኑን ከመሬት አንሥቼ እኔው አዋጥኳት። አንድ ቀን ቀረኝ። አልፈራሁም።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፯፣ ሥላሴ

ተገኘ! እማሆይ መጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ። እንጨት ስንጥር ይዘው ነው የመጡት። ቅቤውን በስንጥሩ ጫፍ፣ ክኒኗን ቅቤው ውስጥ፣ በስመ አብ ብለው ወደ አፏ። ዋጠች። አልነከሰችም! እኔን ስድስት ዓመት ያበላኋትን ትነክሰኛለች፣ የእማሆይን እጅ ትልሳለች። ትንሽ ቅናት ያዘኝ።

«ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፣ ከምግቧ ጋር» አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ዳዊት በቃሌ የምደግመዋን ሴት ይቺ ትጠፋኛለች ብለሽ ነው?» አሉኝ።

የቤቱ ቁልፍ ከእማሆይ ጋር ነው። ቅቤው በቅል፣ ክኒኑ በወረቀት፣ ቋንጣው በቁና። እንዲህ ነው እንጂ። ነገ በሙሉ ልቤ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፰፣ ሞጣ

ገባሁ። መንገዱ አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጠረው። ጥሩ ሆዷ ወደ ታች ወርዷል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ እኔን ስታይ ግን ሳቀች። «እማ፣ ሙዳይን ለማን ሰጠሻት?» ነው የመጀመሪያ ቃሏ። ደሳለኝ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወንበር አቀበለኝ። አማቱን ያፍራል። የሐረር ሰው እንዲህ ያፍራል አላልኩም ነበር፣ ወደድኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት ፱

ምጥ የለም። የጥሩን ወገብ ስዳብስ ዋልኩ። በየመሃሉ «አሁን ሙዳይ የጠዋቱን ዋጠች፣ አሁን የማታውን» እላለሁ። ደሳለኝ ሰማኝ መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው ስልክ ቤት ሄዶ ለቢቸናው ስልከኛ ነግሮልኛል፤ እማሆይ ነገ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ይመጣሉ። እንዲያው ለመስማት ያህል ነው እንጂ እማሆይን አምናቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲

ጽሕፈቴ የተበላሸው ከንዴት ነው እንጂ ከእርጅና አይደለም።

እማሆይ መጡ። ስልክ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው፣ ከገደል ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስላሉ።

«ሙዳይ ዛሬ ደስ ብሏታል፤ ቅዳሜ ስለሆነ በጊዜ በላች!» አሉ።

በጊዜ? «ትናንትስ እማሆይ?»

«ትናንትማ ዓርብ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነዋ።»

«ክኒኑስ?»

«ከምግቧ ጋር አላልሽም? ሁለቱንም ግማሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋጠች። ሐሙስም እንደዚያው።»

አዎ፣ ከምግቧ ጋር ብያለሁ! በሁዳዴ የእማሆይ ምግብ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ እያወቅኩ ከምግቧ ጋር ያልኩት እኔው ነኝ። ድመቴን አስጾሙብኝ!

«ድመት ትጾማለች እንዴ እማሆይ?» አልኩ።

«ለምን አትጾምም? የነነዌ እንስሳት ጾመው የለም? ሰውም ከብቱም አንዳች አይቅመስ ነው የሚለው።»

መጽሐፍ ጠቀሱብኝ! እኔም ዝም አላልኩም። «የነነዌው ሦስት ቀን ነው! ደግሞ ውሻ የነከሰው እንስሳ እዚያ ውስጥ አልተጻፈም!» አልኳቸው። ስልከኛው ሲስቅ ሰማሁት።

ከዚያ እግሯን ጠየቅኩ። እማሆይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እብጠቱ ተመልሷል፣ ትናንት ማታ ገላዋ እሳት ነበር፣ ቋንጣውን አሽትታ ተወችው። «ጾሙ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ፣ እንደ ማልቀስ ብለው። ክፋት የለባቸውም። ጠዋት መድኃኒት ይስጡ ብላቸው በግድ ይሰጣሉ፣ ግን ሲቸገሩ ይውላሉ፤ አንድ ቀን ይቸገሩና አንድ ቀን ይተዋሉ።

ጠዋት የሚበላ፣ ቅቤ የማይፈራ፣ ድመት የማይፈራ ሰው። ከሰፈራችን አንድ ብቻ ናት። ዘይነባ ሁዳዴ አትጾምም።

«ዘይነባን ይለምኑልኝ» አልኳቸው።

«ያጣላሽው ያንቺ ምላስ ነው፣ ያስታርቅሽም እሱው» ብለው ሄደው ጠሯት። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ስልኩን ስታነሣ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተ፣ የሺ ነኝ።»

«የጫጩት በሊታዋ እናት?» አለችኝ።

«አዎ። ዘይነባ፣ ያን ጊዜ አጥፍቻለሁ።»

«ጮክ በይ፣ አይሰማም።»

«አጥፍቻለሁ!» ስልክ ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ።

«አሁንም አይሰማም።»

ሰምታ ነው እኮ! ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። በሦስተኛው የሞጣ ገበያ ሁሉ ማጥፋቴን አወቀ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ሁሉ ነግሬያት «እሺ» ያለችኝ። «ላንቺ ብዬ አይደለም። ድመት እኛ ዘንድ የተከበረች ናት» አለች።

ጠዋት የዘይነባ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የእማሆይ። ድሬሰሩንም ዛሬውኑ ትጠራዋለች። ከዚህ በላይ ከሞጣ ሆኜ ምን አደርጋለሁ?

እሑድ፣ መጋቢት ፲፩፣ ገብር ኄር

ቅዳሴ ላይ ስለ ታማኙ አገልጋይ ተሰበከ። እማሆይን አሰብኩ። ታማኝስ ታማኝ ናቸው፣ የታመኑት ለዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንጂ።

ቤት ስመለስ የጥሩ ምጥ ጀምሯል። ስልክ ቤት ዛሬ ዝግ ነው። ሙዳይ ትኑር አትኑር አላውቅም። ጥሩ እጄን ይዛ «እማ፣ የት ነው ሐሳብሽ?» አለችኝ። «እዚህ ነው» አልኳት። ዋሸሁ፣ ግማሹ ቢቸና ነበር። ከአሁን በኋላ ግን ሙሉውን ላንቺ ልጄ። ደብተሩን አስቀመጥኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት ፲፪፣ ሚካኤል

ሴት ልጅ! ጎሕ ሲቀድ። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ወገቧን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እልል ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሦስት ብቻ ነው ለሴት ልጅ ይሉኛል፣ እኔ ሰባት አልኩ፣ ማን ይቆጥራል። ደሳለኝ ማፈሩን ረስቶ ጉልበቴን ሳመ። ደክሞኝ ክንዴን ማንሣት አቃተኝ። ስልክ ነገ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፲፫

ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ቤት ደረስኩ። ዘይነባ ተጠርታ እስክትመጣ ድረስ ነጠላዬን ጫፍ ጫፉን በላሁት።

«ማን ሞተ?» አልኳት እኔ ቀድሜ።

«ማንም አልሞተ» አለች። አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ።

መግሉ ትናንት ፈንድቶ ወጣ። አቶ ተሾመ አጥቦ አሰረላት፣ ክኒኑንም አምስት ቀን ጨመረላት። ትኩሳቱ የለም፣ ቋንጣ በላች። የታመመውን እግር ግን እስካሁን አትረግጥበትም፣ ይዳን አይዳን አቶ ተሾመም አላወቀም። በሦስት እግሯ ግን ጣራ ድረስ ትወጣለች አለችኝ።

«ቅቤው አልቆ ይሆን?» አልኩ።

«የምን ቅቤ? አፏን ከፈት አድርጌ ጉሮሮዋ ላይ ጣል ነው። እናንተ ክርስቲያኖች ቅቤ ስትፈሩ ድመቷን ልትገድሉ ነበር።»

ልክ ናት። ከጎኗ እማሆይ «እኔ ስንጥሬን አልተውኩም!» ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱ ጠዋትና ማታ እየተገናኙ ሙዳይን ይዘው ሲከራከሩ ይውላሉ አሉ።

ልጅ መወለዷን ነገርኳት። እልል አለች፣ ስልከኛው ጆሮው ተበሳ።

«ሃያ ቀን ቆይቼ እመጣለሁ» አልኳት።

«ምን ያስቸኩልሻል? ክርስትናዋ ሰማንያ ቀን አይደል? ቆዪ።»

«ሙዳይስ?»

«እኔ ቤት ናት። ከመደቤ አልወርድም ብላለች» አለችና ሳቀች። «ጫጩቶቹንም ታያቸዋለች፣ አትነካም። እዚህ ጠግባ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ዳነች፤ ተመስገን። ግን «እዚህ ጠግባ ነው» ማለቷ ምን ማለቷ ነው? እኔ ቤት ተርባ ነበር እንዴ? ሃያ ቀኑን ዐሥራ ሁለት አድርጌዋለሁ። ለጥሩ ገና አልነገርኳትም።