ለአምስት ያነበበችው ልጅ

ልጄ ምሥራቅ፣ የቦንጋ ዝናብ ያላረጠበው ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ እመቤቴ በሰው አገር ሞገስ ትሁንሽ። እኛም ንቦቹም ደህና ነን። አንጀቴን ያሳረረው የታናሽ እህትሽ የፍሬ ነገር ነው። ንባብ ስላቃታት በክረምቱ መሀል፣ በዚያ ጭቃ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት እልካታለሁ። እዚያ አንድ ለአምስት ተደራጅተው መሪያቸው አብርሆት ታነባለች፣ አምስቱ ያጨበጭባሉ። መምህሩን ብጠይቃቸው፣ «እትዬ በዛወርቅ፣ ቡድኑ መቶ በመቶ አንብቧል» አሉኝ።

«ፍሬስ?»

«እሷም ቡድኑ ውስጥ ናት።»

እንግዲህ ማንበብ የቻለው ሪፖርቱ ነው። እባክሽ ለፍሬ ብቻ ደብዳቤ ላኪላት፤ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው። እኔ መነጽሬ ጠፍቷል እላታለሁ። እግዜር አንቺን በጤና ያቆይልኝ፤ ለእህትሽም ዓይኗን ይግለጥላት፣ ለብቻዋ።

እናትሽ