ያለ ሞት የተነፋ ጥሩምባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.

ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ ማለዳ ነጠላውን ዘቅዝቆ ደጄ ላይ ቆመ፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። የእድሩ ጥሩምባ ሲጮህ ሰምተው፣ ዳኛው እኔ ስለ ሆንኩ ሊጠይቁኝ መጡ።

«መሪጌታ፣ ማን አረፈ?» አለችኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ።

እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ጥሩምባው ያለ እኔ ትእዛዝ አይነፋምና። ይህን ስናወጋ አንድ ባጃጅ ታጥፎ መጣ። ጥሩምባው የሚጮኸው ከውስጡ ነበር። ከጥሩምባው በኋላ ከበሮ፣ ከከበሮው በኋላ የከባድ መኪና ፍሬን ተሰማ። የልጄ የብርቱካን ሥራ ነው።

«ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?» ብላ ትርንጎ ነጠላዋን አቃንታ ሄደች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ብርቱካን ባሏን ከፈታች ወዲህ በጓሮዬ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ትውላለች። ዘፋኝ የሌለው ዘፈን ትሠራለች። ጉምሩክ በር ላይ የተሰለፉትን መኪኖች፣ የትራክተሩን ጩኸት፣ የሰሊጥ ነዶ ሲራገፍ የሚያሰማውን ሹክሹክታ፣ የሱዳኖቹን ከበሮ ትቀዳና ታደባልቃለች። ይህ ሦስተኛ ሥራዋ ሲሆን «ከኬላው በታች» ብላዋለች፤ ሰፈራችን የሚጠራበት ስም ነው። እኔ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን በአለንጋ የተማርኩ ሰው ነኝ። የእርሷ ዜማ ከሦስቱም አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፫

የእድሩ ሽማግሌዎች ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ጥሩምባ ነፊያችን አያ መኳንንት እየሳለ መጣና ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እኔ ነኝ ጓንግ ወንዝ ዳር ወርጄ የነፋሁላት። ሳንባዬ አልቋል፤ ትንፋሼ እንኳ በዚያ ሳጥኗ ይቀመጥ ብዬ ነው።»

«የራስህን ቀብር አስቀድመህ ነፋህ በለና!» አለው አንዱ።

«ታዲያ ማን ሊነፋልኝ ነው? ከቃሬዛው ወርጄ ልንፋው?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪያበቃ ጠብቄ ፍርዱን ሰጠሁ፤ ልጄ ናት ብዬ አላደላሁም። ጥሩምባውን ከዘፈኗ ታውጣ፤ የቀዳችውንም ታጥፋ፤ እምቢ ካለች ከእድሩ ትሰረዝ። በራሷ ስም የገባች አባል ናት። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት የለም፤ ይህን እያወቅሁ ነው የፈረድሁት።

ስነግራት አልተቆጣችም። «ከዘፈኑ አወጣዋለሁ፣ አባየ። ከሰው ስልክ ግን ማን ያወጣዋል? ሽንፋ ደርሷል፣ አብደራፊ ደርሷል፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት እንኳ እየጨፈሩበት ነው።»

በኩራት ትበለው በፍርሃት አልለየሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬

ጥሩምባውን ቆርጣ ስታወጣ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ፍርድ መፈጸሙን ማየት የዳኛ ሥራ ነው።

ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ስሰማው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አልወደድሁትም። ቦታውን ግን ዐወቅሁት፤ የትኛው መኪና የትኛው ጥግ ላይ እንደሚያቃስት ሳይቀር ለየሁ። ጥሩምባው ሲወጣ ዘፈኑ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው መሰለ።

«የጥሩምባውን ዋና ቅጂ ነገ ላጥፋው፣ ዛሬን ይደርልኝ» አለች። ፈቀድሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፭

አያ መኳንንት አረፈ። ሚስቱ ማለዳ ውኃ ይዛለት ብትገባ ትንፋሹ የለም።

የሚነፋለት ጠፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥሩምባውን አንሥቶ ሞከረና የታነቀ ጥጃ ድምፅ አወጣ። የቆላው ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያሳድርም።

«እርሳቸው የነፉት አለ፣ አባየ» አለችኝ ብርቱካን ቀስ ብላ።

ተቆጣኋት። ቆይቼ ሌላ መንገድ ባጣሁ ጊዜ ግን ራሴ አዘዝኋት። ከበሮ የሌለበትን፣ ጥሩምባውን ብቻ፣ ባጃጅ ላይ በጫንነው ድምፅ ማጉያ እያሰማን በሰፈሩ ዞርን።

ማንም አልወጣም። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ሳይነሣ ትከሻውን ሰበቀልን። ትርንጎ ከጓዳዋ ሆና፣ «ዛሬስ አታስለቅሱኝም!» ብላ ጮኸች። ከባጃጁ ወርጄ በየደጁ በከዘራዬ እያንኳኳሁ «እውነት ነው፣ መኳንንት ነው» አልሁ። ጉልበቴ ሩቅ አልወሰደኝም።

ቃሬዛውን የሚያነሣ ሰው አልሞላም። አደባባይ ላይ ሥራ ሲጠብቁ የነበሩ የጎጃም ሰሊጥ አጫጆች ናቸው መጥተው የተሸከሙልን። «አባቴ፣ ሟቹ ማን ይባላሉ?» ብሎ አንዱ መንገድ ላይ ጠየቀኝ። ለሌላው ሬሳ ሰው ሲጠራ ያረጀ ሰው፣ ስሙን በማያውቁ ሰዎች ትከሻ ሄደ።

ትርንጎ አፈር ከተመለሰ በኋላ ደረሰች። ደረቷን እየደቃች፣ «ዘፈኑ መስሎኝ! ዘፈኑ መስሎኝ!» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፮

እድሩ ሜጋፎን እንዲገዛ ተወሰነ። ጥሩምባው ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ዕቃ ቤት ገባ። ብርቱካንን የወቀሳት የለም፤ ቀና ብሎ ያያትም የለም።

ኮምፒውተሯን በሸራ ጠቅልላ ጥግ አስይዛዋለች። ከእንግዲህ አልሠራም አለች። ዋናው ቅጂ ግን እስካሁን አልጠፋም።

«አባየ፣ ላጥፋው?»

«አስቀድመሽ አሰሚኝ።»

ሸራውን ፈትታ አሰማችኝ። ጥሩምባው ካበቃ በኋላ ነፋስ ይሰማል፣ ሳሉ ይሰማል፤ ቀጥሎም መኳንንት፣ «ልድገመው እንዴ፣ ልጄ?» ይላታል።

«ተይው፤ ይቀመጥ» አልኋት። የሰጠሁትን ፍርድ ስሽር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ድምፅ ሰምቶ ነጠላውን ዘቅዝቆ የሚወጣ ሰው ከኬላው በታች ቢቀር እኔ ብቻ ነኝ።