በጀማል ሱቅ ሲጋራ የለም

ጀማልዬ፣ የልጄ አባት፣

ያለ አንተ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ማረፊያህን ያሳምርልህ። የምጽፍልህ ግን ላለቅስልህ አይደለም፤ በታናሽ ወንድምህ በኑሪ ላይ ስሞታ አለኝ።

ዊንጌት ያለው ሱቃችን እንደተውከው ነው፤ በሩ አሁንም ሲከፈት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። አንድ ነገር ግን ቀይሬያለሁ። ለቅሶው እንዳበቃ ሲጋራውን በሙሉ ከመደርደሪያው አወረድኩት። አንዳንድ ፍሬ ለሚገዙት ብለህ መስኮቱ ላይ ያንጠለጠልከውን ላይተርም ክሩን ቆርጬ ጣልኩት። በቦታው ሙዝና ካሮት ደረደርኩ። የመጀመሪያዎቹን ካሮቶች የሚገዛን ስለጠፋ እኔና ልጅህ ፎዚያ ሳምንቱን ሙሉ በላናቸው።

ኑሪ አበደ። ሲጋራ ሊገዛ የመጣው ነው ስኳሩንም ሳሙናውንም የሚወስደው፣ ደንበኛ አባረርሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገበያው ቀዝቅዟል። ሞት የአላህ ነው፣ ከሲጋራ ጋር ምን አገናኘው ሲለኝ ግን አልቻልኩም። ሞትማ የአላህ ነው፤ ክብሪቱን የምንጭረው ግን እኛ ነን። ሐኪሙ ሳንባህ ላይ ካንሰር ያየ ቀን ኑሪም አጠገቤ ነበር። ካንሰርን ሁሉ ማስቀረት አይቻልም፣ ሲጋራ ባይኖር ግን ይሄኛው ምናልባት ባልመጣ ነበር ብሎ ሐኪሙ ሲነግረን ሰምቷል።

እሁድ እሁድ ወደ እንጦጦ በእግር እንውጣ ስልህ ትስቅብኝ ነበር። ባለሱቅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ስፖርት አለ ትለኛለህ። ሳቅህን እወደው ነበር፣ መጨረሻው ሳል እስኪሆን ድረስ። አሁን ከልጅህ ጋር እወጣለሁ። እሷ ትሮጣለች፣ እኔ እየተነጫነጭኩ እከተላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኑሪ ከጎረቤት ሱቅ አንድ ፍሬ ገዝቶ በራችን ላይ ለኮሰ፣ ሆን ብሎ። ከዚያ ሲያስል ሰማሁት። ያንተው ሳል ነው ጀማል፣ ቁርጥ ያንተው! ወጥቼ ሰው ሁሉ እያየ ሲጋራውን ከከንፈሩ ነጠቅኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አያናግረኝም። ያኩርፈኝ! ሸምግሎ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ያኩርፈኝ።

አንተን እንዳልረሳህ አትስጋ። መንገደኛው ሁሉ መስኮቱን እያንኳኳ ሲጋራ የለም እንዴ ይለኛል። የለም እለዋለሁ። ለምን ካለኝ፣ ባሌ ጀማል ይባል ነበር ብዬ እጀምርለታለሁ። ሲጋራ የሚጠይቅ ሰው እስካለ ድረስ ስምህን ከአፌ አላወርደውም።

ባለቤትህ፣ ዘይነባ