ጓዳ ያሏት ዘፈንሽ

ለምናፍቅሽ እህቴ ለዙሌካ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የሻርጃ ሙቀትስ በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ እልህ ስለያዘኝ፣ ለእረፍት መጥታ የነበረችው ጎረቤታችን ሩታ ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ።

እዚህ አንድ ቃል መጥቷል፤ «ጓዳ» ይሉታል። አንድ ዘፋኝ ካሉት ዘፈኖች ሬዲዮ የማያጫውተው፣ ታክሲ ውስጥ የማይሰማው፣ ሠርግ ላይ የማይጠየቀው ጓዳ ነው። ታዋቂው ሳሎን ነው። ሳሎን ብቻ የሚያውቅ እንግዳ፣ ጓዳ የሚያውቅ ደግሞ ቤተኛ ይባላል። ቃሉን ወድጄው ነበር፤ ባለቤቶቹን እስካያቸው ድረስ። በሚያውቀው የሚመጻደቅ ሰው ዩኒቨርሲቲም ሞልቶ ነበር። ሌላው ባለማወቁ የሚጠግብ ሰው ግን ገና አሁን አየሁ።

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ሀሴት፣ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ መሃል ባለ ካፌ የሟቹ ዘፋኝ የተክለብርሃን አድናቂዎች ይሰበሰባሉ ብላ ይዛኝ ወጣች። አለቃቸው ፋኑኤል ይባላል፤ ሹራቡን ትከሻው ላይ አስሮ፣ የገባውን ሁሉ «ስንት ጓዳ ታውቃለህ?» እያለ የሚፈትን። የጓዳዎቹ ሁሉ ጓዳ የትኛዋ መሰለችሽ? ያቺ አንቺ ተቀባይ የሆንሽባት፣ የአልበሙ መጨረሻ። ሽፋኑ ላይ የድራመሩ ስም ሳይቀር አለ፤ ያንቺ ብቻ የለም። ስለዚህ ማን ናት እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ። አንዱ ድብቅ ፍቅረኛው ናት አለ፤ ሌላው በለጋነቷ ሞታለች ብሎ ቀበረሽ። ከዚያ ወደ ሳሉ መጡ። ዘፈኑ ሲያልቅ የምትሰማ ትንሽ ሳል አለች አይደል? ተክለብርሃን ሞቱን ቀድሞ ያወቀባት ናት ብሎ ፋኑኤል ዓይኑን ጨፈነ። ካናቴራ ላይ ሁሉ አሳትመዋታል፤ «ሳሉን የሰማ» ይላል።

የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ዙሌካ። ስቱዲዮው ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ የበርበሬ ወፍጮው አጠገብ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የሚጠብቀኝ ስለጠፋ ይዘሽኝ ገብተሽ፣ ከረሜላ አፌ ውስጥ ከተሽ «ትንፍሽ እንዳትዪ» አልሽኝ። ታገስኩ፣ ታገስኩ፣ ብናኙ ግን አሸነፈኝ። ይህ ሁሉ ትንቢት የወጣው ከሰው በርበሬ ነው።

ተነስቼ እንዲሁ ነገርኳቸው። ሳቁ። እህትሽ ዛሬ የት ናት ሲሉኝ፣ ሻርጃ ሰው ቤት ትሠራለች አልኩ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ባሰ። ፋኑኤል ጓዳ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው የለም ብሎ ቀለደብኝ። ስወጣ ግን እስከ ታክሲው ተከተለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወፍጮውን እንደሚያውቀው፣ እንዳመነኝም ነገረኝ።

«ግን ስሟን አትንገሪብን፤» አለኝ። «ስሟ ከተነገረ ጓዳነቱ ይቀራል።»

ለሙት ዓመቱ ዝግጅት ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ የፊት ወንበር ይሰጠኛል! አንቺ ስም አልባ እንድትሆኚ፣ እኔ ወንበር።

ሄድኩ። ወንበሩ ላይም ተቀመጥኩ። ድምፅሽ ሲመጣ አዳራሹ ሙሉ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔ ገልጬ ሁሉንም አየኋቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይኩን ያዝኩ።

«ይህ ድምፅ የዙሌካ ጀማለዲን ነው፤» አልኩ። «የየካ ሚካኤል ልጅ ናት። አልሞተችም።»

ማይኩን ዘጉብኝ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ለመጮህ ማይክ ፈልጌ አላውቅም። ስለ ሳሉና ስለ በርበሬው የቀረውን በጉሮሮዬ ጨረስኩት። ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ የዚህኛው ሳቅ በእኔ ላይ አልነበረም። ስወርድ ፋኑኤል «አበላሸሽው» አለኝ፤ እንደ ሰው ሳይሆን ዕቃው እንደተሰበረበት ሕፃን።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኗን ጥለዋታል። ሳሎን ሆነች አሉ። አሁን ወንበር ሲንቋቋ የሚሰማባት ሌላ ጓዳ አግኝተው፣ የወንበሩን ምሥጢር እየተረጎሙ ነው ብላኛለች ሀሴት። ይተርጉሙ። ድምፅሽን ወደውት አያውቁም፤ የወደዱት የሌላውን ሰው አለማወቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ዘፈኗን የጫነው ሰው ከሥሯ «ተቀባይ፦ ዙሌካ ጀማለዲን» ብሎ ጽፏል። ታናሽ ወንድማችን ዒምራን ለእማዬ አነበበላት፤ ድገመው አለችው።

እኅቴ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያ ቤት ውስጥ ድስት እያጠብሽ የምታንጎራጉሪው በለሆሳስ እንደሆነ ሩታ ነግራኛለች። አንድ ቀን ዘፈኗ ከማንም ስልክ ላይ ብትሰማና ይህቺ ማን ናት ቢባል፣ ቀና ብለሽ እኔ ነኝ በዪ።

እማዬ ዱዓ ታደርግልሻለች፤ ጉንጭሽን ስሜሻለሁ ብላለች። አባባ ሰላም ይልሻል፤ ስልኩን ከዒምራን ተቀብሎ ደጅ ወጥቶ ሰምቷታል። ለዒምራን የላክሽለት ጫማ ልኩ ነው። አብረውሽ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የማትታገሠው እህትሽ ጀናን

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.