የእንግዳ ማረፊያው አርባ ሁለት ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክልኝ? ብርድ ሲመጣ የሚነዝርህ ጉልበትህስ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿስ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ወገቤን ብላ ትተኛለች፣ ወገቤን ብላ ትነሣለች፤ በመሐሉ ግን ቤቱን ሁሉ ስታዝዝ ትውላለች። እኔም ያው እንደምታውቀኝ ነኝ። ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ስገጣጥም እውላለሁ፣ ማታ ጣቴን እያሸሁ እገባለሁ። አባባን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም፤ ደብዳቤው ሁሉ የእሱ ስለሆነ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንደምትል አውቃለሁ። ባለፈው ደውለህ ዓሣዎቹስ ስትለኝ ደህና ናቸው ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። ያን ጊዜ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው መረቡን ይዤ ነበር፤ መረቡ ውስጥም የሞተ ዓሣ ነበር። እማዬ ሰው አገር ያለን ሰው አታስደንግጪ በሚል ዓይን ታፈጥብኛለች። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ወረቀት ግን አያፈጥም፣ ስለዚህ አንድም ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ።

አባባ ትልቁን ገንዳ በእጁ የሠራ ጊዜ ትዝ ይልሃል። የመስታወት ቆረጣ ሥራውን ሳሎን ድረስ አመጣብኝ ብላ እማዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር። ቀጥሎ ትንሹን ሠራና እንግዳ ማረፊያ ብሎ ስም አወጣለት። ሕጉንም አትረሳውም። ከሱቅ የመጣ ዓሣ የቱንም ያህል ቢያምር ስድስት ሳምንት፣ አርባ ሁለት ቀን እዚያ ብቻውን ይቆያል። የመጣበት ውሃ ይደፋል እንጂ ወደ ገንዳ አይገባም። መረቡም ባልዲውም ለብቻ ነው። መጀመሪያ ነባሮቹ ይበላሉ፣ ከዚያ እንግዳው፣ ከዚያ እጅ እስከ ክርን በሳሙና ይታጠባል። ጠጠር የለ፣ አሸዋ የለ፤ የፈራ ዓሣ የሚደበቅበት አንድ የተጋደመ የአበባ ሸክላ ብቻ። አባባ በየጠዋቱ መስታወት በሚለካበት ቀይ እርሳስ በገንዳው ጎን አንድ መስመር ያሰምራል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው ስለው፣ ጥገኛው ተሕዋስ በዓይን አይታይም፣ ዓሣው ላይ ተሸሽጎ ነው የሚመጣው፣ ጊዜ ካልሰጠሽው አይገለጥም ይለኝ ነበር።

አሁን ነግሬህ የማላውቀውን ልንገርህ። ልትሄድ ሰሞን ከአባባ ጋር ገዝታችሁ ያመጣችሁት ወርቃማ ዓሣ ያኔ አውራ ጣቴን አያህልም ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ መዳፍ ሞልቶ ይተርፍ ነበር። ከሄድክ በኋላ አባባ ለቀልድ ብሎ በአንተ የቤት ስም አለቃ አለው። ምግብ ሲመጣ ሌላውን ገፍቶ ቀድሞ ስለሚደርስ ስሙ ልኩ ነበር፤ አትቀየመኝ። የመርሳቱ ነገር ከጀመረው በኋላ ግን ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ወንበሩን ወደ ገንዳው ይጎትትና አለቃ፣ እንዴት አደርክ፣ ቁርስ በላህ ወይ ይላል። ሥራ እንዴት ነው ብሎም ይጠይቀዋል። እኔን አንዳንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ያደርገኛል፤ እማዬን እትዬ ብሎ ይጠራታል፣ እሷም አቤት ትልና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አለቃን ግን አንድም ቀን ተሳስቶት አያውቅም። ይህን ብነግርህ እዚያ ብቻህን ሆነህ ምን ትሆናለህ ብዬ ዋጥ አድርጌው ኖርኩ።

ፈቃድ አገኘሁ፣ በሃያ ቀን ውስጥ እመጣለሁ ብለህ የደወልክ ዕለት ቤቱ ተገለባበጠ። እማዬ መጋረጃውን አጠበች፣ ያጠበችውን መልሳ አጠበች። እኔ ደግሞ ገንዳውን አየሁት። ደርዘን ዓሣ ይይዝ የነበረ ገንዳ ውስጥ አለቃና ሦስት ሽማግሎች ብቻ ቀርተዋል። ስትገባ እንደ ተውከው ሞልቶ እንድታየው ፈለግኩ። ከሥራ መልስ ሱቅ ሄጄ አምስት ትንንሾች ገዛሁና እንግዳ ማረፊያ አስገባኋቸው። አንተ በሃያ ቀን ትመጣለህ፣ እነሱ አርባ ሁለት ቀን ይፈልጋሉ። እንደማይገጥም አውቄዋለሁ። ግን ታውቀኛለህ፤ ልብሱ ሳይለካ ቁልፍ የምተክል ሰው ነኝ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ አንድም እንከን የለባቸውም። አንተ ልትደርስ አራት ቀን ቀርቶሃል። መረቡን አንሥቼ ወደ ትልቁ ገንዳ ላሻግራቸው ስል አባባ ከወንበሩ እጁን ዘርግቶ አንጓዬን ያዘኝ። ገና ነው አለኝ። በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣ የተስተካከለ ነገር ይኼው ብቻ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ መሰለህ? በሽታው ነው ብዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቅቄ፣ እሺ አባባ፣ እሺ እያልኩ አሻገርኳቸው። ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ነገር ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ይኼ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ቀን አእምሮው በቦታው የነበረው እሱ ነበር።

በማግስቱ ደወልክ። ፈቃዱ ተሰርዟል፣ ምትክ ሰው ጠፍቷል አልክ። እማዬ አይዞህ ልጄ፣ ሥራህን ያዝ ብላህ ስልኩን ዘጋችና መጋረጃውን አውርዳ አሮጌውን መልሳ ሰቀለች።

ከአምስት ቀን በኋላ ከአዲሶቹ በአንዱ ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አየሁ። ከዚያ ሁሉም ሰውነታቸውን ከጠጠሩ ጋር ያፋትጉ ጀመር። ክንፋቸውን ሰብስበው ማጣሪያው ሥር ቆመው ይተነፍሳሉ። እዚህ ሠፈር ያለው የእንስሳት ሐኪም እኔ ላምና ውሻ እንጂ ዓሣ አክሜ አላውቅም እያለ መጣልኝ። ጥገኛው ቆዳ ሥር እስካለ ድረስ መድኃኒት አያገኘውም አለ፤ ከዓሣው ወርዶ ወለል ላይ ይራባል፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲወጡ ብቻ ነው የሚገደሉት። ጨው ጨመርን፣ መድኃኒት ጠብ አደረግን፣ ውሃውን ትንሽ ሞቅ አደረግን፣ የገንዳውን ወለል በየቀኑ በቱቦ እየመጠጥኩ ውሃውን ቀየርኩ። ለስንት ቀን ለይተሽ አቆየሻቸው ብሎ ሲጠይቀኝ አሥራ ስድስት አልኩት። ቦርሳውን ዘጋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንንሾቹ ቀድመው ሄዱ፣ ከዚያ ሽማግሎቹ። አለቃ መጨረሻ ድረስ ታገለ። አንድ ጠዋት እማዬ አባባን ልታጥበው ወስዳው ሳለች ገንዳው ጋ ስደርስ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። በአንተ አሮጌ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ጠቅልዬ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ቀበርኩት። ለዓሣ ማልቀስ እንዴት ያሳፍራል እያልኩ ነው ያለቀስኩት፤ ለዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቀዋለሁ።

አባባ ታጥቦ ፀጉሩ ተበጥሮ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ገንዳውን አየ። እኔን አየኝ። አለቃስ አለኝ። እማዬ ፎጣውን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሞተ ማለት አቃተኝ፣ ወንድም ጋሼ። አለቃ ሞተ ብዬ ብነግረው ማን ሞተ ብሎ እንደሚሰማ ታውቃለህ። እንግዳ ማረፊያ ነው፣ ትንሽ አሞት ስለነበር ለይቼዋለሁ፣ ሸክላው ውስጥ ገብቷል አልኩት። ደንግጦ ይሆናል፣ ተዪው፣ አታውጪው አለ። ከዚያ የሸሚዙን ኪስ ይዳብስ ጀመር። እርሳሱን እንደሚፈልግ ገብቶኝ ከመሳቢያ አምጥቼ ሰጠሁት። በባዶው ትንሽ ገንዳ ጎን አንድ መስመር አሰመረ።

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሆነዋል። ምሳ መብላቱን ይረሳል፣ ስሜን ይረሳል፣ መስመሩን ግን አይረሳም። ወንበሩን ወደዚያ አዙሮ የሸክላውን አፍ ሲያይ ይውላል። በላ ወይ ይለኛል፣ በላ እለዋለሁ። እኔም ለማንም ዓሣ አድርጌ የማላውቀውን ዛሬ ለባዶ ውሃ አደርጋለሁ። መረቡ ለብቻ ነው፣ ባልዲው ለብቻ ነው፣ ምግብ በትንሹ እበትንና የበተንኩትን አሳቻ ሰዓት ጠብቄ እለቅመዋለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና እታጠባለሁ። ባለፈው ሰኞ ሁለት መስመር አከታትሎ አሰመረ። ዞር ሲል አንዱን በጨርቅ ጠረግኩት። ያኔ ቀን አልሄድ ያለኝ ሰው ዛሬ ቀን እየደበቅኩ እኖራለሁ። አለቃን የሚመስል ሌላ ዓሣ ልግዛ ብዬም ነበር። እማዬ ከለከለችኝ፤ እኔን ሚስቱን ይሳሳት ይሆናል እንጂ አለቃን አይሳሳትም አለች።

አልወቅስህም ልልህ ነበር። ውሸት ይበቃኛል፤ ትንሽ እወቅስሃለሁ። በየዓመቱ ዘንድሮ ነው እያልክ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፣ ማንም አይካፈለኝም። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ለአባባ ብነግረው አይገባውም፣ ስለዚህ ይቅርታውን የምለምነው አንተን ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ሲደርስህ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንተኛው መስመር ይሰመር ይሆናል። በአርባ ሁለተኛው ቀን አባባ አለቃን አውጪው ይለኛል፣ እኔም ሸክላውን ማንሣት አለብኝ። ያን ቀን በሩ ላይ ቁምልኝ። ላያውቅህ ይችላል፣ ሸብተሃል፣ ወፍረሃልም ይባላል። እንግዲያው አባባ፣ አለቃ ነኝ፣ ጊዜዬን ጨርሼ ወጣሁ በለው። እሱን ይረዳዋል።

እማዬ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች፤ የላከችልህን ሹራብ ልበስ፣ ለክት አታስቀምጠው ትልሃለች። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣችው አስተማሪ የተዋሰኝን መጽሐፍ እስካሁን አልመለሰልኝም በይው ብላለች። ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አክስቷ ለጥርሷ ማስቀመጫ ከረጢት እየሰፋችላት ነው። አባባን ለአለቃ ምን ልበልልህ ብዬ አሁን ጠየቅኩት። ወደ ሸክላው እያየ፣ አይቸኩል፣ ገና ነው በይው አለኝ። አንድ ጊዜ ቃሉን አልሰማሁትም፣ ዳግመኛ እንዳላጠፋ ብዬ ያለውን እንዳለ ጽፌልሃለሁ። እኔ ግን እህትህ ችኩሏ ነኝ፤ ቸኩልልኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከቤታችን ሳሎን፣ ከእንግዳ ማረፊያው አጠገብ
በአሥራ ዘጠነኛው መስመር፣ ሐሙስ ጠዋት