አየር ያላሳለፈው ብየዳ

ውድ አባባ፣

ሻንጣህን ይዘህ ሊንዝ ከተማ አክስቴ ቤት ከገባህ፣ ስልኬን አላነሳም ካልክ ሦስት ሳምንት ሞላህ። ይሁን። ደብዳቤ ግን ሳትከፍት አታድርም፤ አውቅሃለሁ።

በመጀመሪያ ልናዘዝ። በሙከራችን ሞለኪውሎቹ በቧንቧው አልፈው መጨረሻው ላይ ባለው መስታወት የሚጥሉት ዝንጉርጉር መስመር የጠፋ ዕለት፣ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ዶክተር ኦትማር በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ባዶ መሆን ያለበት ቧንቧ አየር ያስገባል! እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ እንዲበይድ ማን ፈቀደለት?» ሲሉ አንተ በር ላይ ቆመህ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ እኔም ጥፋቱ ያንተ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አፈር ልብላ! አርባ ዓመት ለቪየና ቤተ ሙከራዎች ስትበይድ ኖረህ በገዛ ልጅህ ተጠረጠርክ።

በማግስቱ ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ ይዤ ብየዳህ ዙሪያውን ነፋሁበት። ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር ጋዙ ገብቶ የመለኪያው መርፌ ይዘል ነበር። ሁለቴ፣ ሦስቴ ደገምኩ። ወይ ፍንክች! የብየዳህን ስፌት በጣቴ ዳስሼ አለቀስኩ።

ታዲያ መስመሩን ማን አጠፋው? እኔው! ብዙ ሞለኪውል እንዲወጣልኝ ብዬ ሞለኪውሎቹን አትንኖ ወደ ቧንቧው የሚለቀውን ምድጃ ከልክ በላይ አግዬው ነበር።

አንድ ሞለኪውል በሁለት ቀዳዳ በአንዴ ያልፋል፣ ዝንጉርጉሩ መስመርም ከዚያ ይመጣል ስልህ «እኔም እንዲህ ብችል አንዱ እኔ ብየዳ ላይ፣ አንዱ እኔ ወይን ጠጅ ቤት ነበርን!» ብለህ ስቀህብኛል። እንዲህ የሚሆነው ግን በየት እንዳለፈ ወሬው እስካልወጣ ድረስ ነው። የጋለ ሞለኪውል ብርሃን ይተፋል፤ ብርሃኑም ወሬውን ይዞ ይወጣል። ያኔ ሞለኪውሉ እንደ ማንኛውም ጠጠር በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ያለፈ ይሆናል፤ መስመሩም ይጠፋል። ወንበርና ጠረጴዛን አንድ ቦታ ብቻ የምናገኛቸውም ለዚህ ነው፤ አየሩም ብርሃኑም ሳያቋርጥ እየነካካቸው ምስጢራቸውን ያወጣዋል።

ምድጃውን ሳቀዘቅዘው መስመሩ ተመለሰ። ሳግለው ደበዘዘ፤ ልክ ስሌቱ እንዳለው። አባባ፣ ያ ጉደኛ ዓለም የእኛ ተራ ዓለም ሲሆን ደረጃ በደረጃ አየሁት! ቧንቧህ ቅንጣት አየር ቢያስገባ ኖሮ የቱ የሙቀቱ፣ የቱ የአየሩ ሥራ እንደሆነ ማን ይለየው ነበር? ኮራሁብህ። ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

ሐሙስ ስብሰባ ላይ ተነሳሁና «ስህተቱ የእኔ ነው። ብየዳው የአባቴ ነው፤ እንከን የለውም» አልኩ። ዶክተር ኦትማር «ታዲያ አዲሱን ረጅም ቧንቧ ይበይድልናል?» አሉ።

«መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁት» አልኳቸው። እሳቸውም ብዕር አወጡና «አድራሻውን ንገሪኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የአክስቴን በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የምቆመው እኔ ነኝ። እሳቸውን ቶሎ ማርልኝ፤ እኔን ይቅር ማለት ግን ጊዜ ይፈጃል።

ያንተ ልጅ በመሆኗ የምትኮራው፣
ሮስቪታ